ሠርተናል

«ዛሬስ ሠራችሁ?» አለች እናቱ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

ጢኖ የሒሳብ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። መልሱ መጀመሪያ ከአባቱ እንዲመጣ ጠበቀ።

«ሠርተናል» አለ አባቱ ከአልጋው ላይ። «ካላመንሽ ልጅሽን ጠይቂው።»

«ጢኖ?»

«ሠርተናል፣ እማ።»

«ተባረክ።» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ይዛው የመጣችው ብጥስጣሽ ክር እጅጌዋ ላይ ተጣብቋል። «እኔን የሚያቆመኝ ይኼው ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተደፍቼ፣ ቢያንስ እነሱ ቤት ውስጥ እየሠሩ ነው እላለሁ።»

ጢኖ የጀመረውን ስሌት ከላይ እንደገና ጀመረው። አባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልሠሩም ነበር። ዛሬ ብቻ ሳይሆን ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም አልሠሩም።

ጢኖ የሚለው ስም የወጣለት ከጊዜው ቀድሞ በመወለዱ ነው። ያኔ አባቱ በአንድ መዳፉ ያስተኛው ነበር ይባላል። አሁን እናቱን በቁመት በልጧታል፤ ስሙ ግን እንደ ጠበበ ሹራብ ላዩ ላይ ቀርቷል።

አባቱ ግንበኛ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ቱምቢ» ይሉታል። ቱምቢ፣ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበት በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሱ ያቆመው ግድግዳ ሌላ ቱምቢ አይሻም ለማለት ነው። አንድ ጠዋት፣ ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ የመወጣጫው ጣውላ አንሸራተተውና ከፎቅ ወደቀ። ጭንቅላቱም እግሩም ተረፈ። የግራ ጎኑ ግን የአሸዋ ጋሪ ጠርዝ ላይ አርፎ የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ።

አጥንቶቹ ገጥመዋል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ አሳይቷቸዋል። ነገር ግን እስኪገጥሙ ድረስ አባቱ አለመንቀሳቀስን ተማረ። ሲቀመጥ ወደ ግራ ይጎብጣል፣ ሲተኛ ይጠቀለላል፣ ሲተነፍስም የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚሰጋ ሰው ከላይ ከላይ ብቻ ነው። ወራት ሲያልፉ ደረቱ በዚያው ደረቀ። ካልሲ ለማጥለቅ ማጎንበስ አቃተው። ከአልጋው እስከ በሩ ሄዶ ሲመለስ ዳገት እንደወጣ ያለከልካል።

በዚህ ምክንያት ነው ሆስፒታሉ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የላካቸው። እዚያ ያገኙት ባለሙያ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ እጅጌዋ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ወጣት ሴት ነበረች። እናቱ «ዶክተር» ስትላት፣ «ዶክተር አይደለሁም፣ እናቴ» ትላለች፤ እናቱ መልሳ «እሺ፣ ዶክተር» ትላለች።

«አባት፣ እርስዎ ግድግዳ ያውቃሉ» አለች ያን ቀን። «ግድግዳ ከተንቀሳቀሰ ጉድ ነው። ደረት ግን ካልተንቀሳቀሰ ነው ጉዱ።»

አባቱ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ጢኖ ሲስቅ ያየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እንቅስቃሴውን ለጢኖ አስተማረችው፤ ምክንያቱም እናቱ ገና ሳይነጋጋ ለሥራ ትወጣለች፣ ጠዋት ከአባቱ ጋር የሚቀረው እሱ ነው። አባቱ ጉልበቱን አጥፎ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። ጢኖ ከኋላው ተንበርክኮ መዳፉን በግራ ጎድኑ ላይ ያስቀምጣል።

«አትግፋ፣ አትጫን» አለችው። «እጅህ እንግዳ ነው፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ። ትንፋሹ ራሱ መጥቶ ይቀበለዋል።»

ከዚያ አባቱ የላይኛውን ክንዱን ወደ ጣሪያው ያነሳል። ዓይኑ እጁን እየተከተለ፣ ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይከፍታል። ሕመሙ ሳይመጣ ያቆማል፣ እዚያው ይተነፍሳል፣ ይመልሳል። በመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ትከሻዎቹ ላይ አጣምሮ፣ ከኋላው የጠራውን ሰው እንደሚያይ በዝግታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል።

«በቃ ይኼው ነው፣ በየጠዋቱ» አለች። «ሲያዩት ቀላል ነው። ደረት የሚፈታው ደግሞ በቀላሉ ነው እንጂ በኃይል አይደለም።»

መጀመሪያ ላይ እውነትም ሠሩ። ጢኖ የአባቱን ሰውነት እንዲህ ነክቶት አያውቅም። በእነሱ ቤት ፍቅር ማለት ትከሻን መታ ማድረግ፣ ሲበዛ ደግሞ «አንተ ጎረምሳ» መባል ነው። አሁን ግን መዳፉ ሥር የአባቱ አጥንቶች አንድ በአንድ ይታወቁታል። ያ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው እንዲህ መክሳቱን አላወቀም ነበር። እጁን እዚያ አድርጎ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ይተክላል።

አንድ ጠዋት ክንዱ ከሌላው ጊዜ ራቅ ብሎ ተከፈተ። ጢኖ «ጎሽ» ሊል ሲል አባቱ ድምፅ አወጣ። ማቃሰት አልነበረም። ሕፃን ልጅ ሲከፋው የሚያወጣው ዓይነት ነገር ነው። ቀጥሎ ዕንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

ጢኖ እጁን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀው።

አባቱ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «ይበቃል። ሂድ ወደ ትምህርትህ።»

በማግስቱ ጢኖ ሲቀርበው ዓይኑን ሳይገልጥ «ዛሬ ይለፈን። እናትህ ከጠየቀች ሠርተናል በላት» አለው። ቀጥሎ ባለው ቀን ደግሞ ማንም ምንም አላለም። ጢኖ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ቀለለው፤ በመቅለሉ አፈረ፤ ግን ወረደ።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የኳስ ልምምድ አለ። ከጎረቤት ያለው ጓደኛው ሽቦ፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ስሙን ማንም የማይከራከርበት ልጅ፣ ሲያየው በደስታ ጮኸ።

«አቦ መጣህ! ፋዘርህስ?»

«ተሽሎታል።»

«አሪፍ! በቃ ክንፍ ላይ አንተ ነህ። ባንተ ቦታ የገባው ልጅ እኮ ቀሽም ነው፤ ኳስ ሲመጣለት ዓይኑን ይጨፍናል።»

ጢኖ ጎኑን እስኪወጋው ሮጠ። ሲደክመው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ጎኖቹ ላይ አደረገ። የጎድን አጥንቶቹ ማንም ሳያዛቸው ሰፋ፣ ጠበብ፣ ሰፋ ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ እጆቹን አንስቶ ኪሱ ከተታቸው።

እንዲህ እያሉ ቆዩ። ማታ ማታ እናቱ ትጠይቃለች፣ አባቱ ይመልሳል፣ እሱ ያጸናል። ውሸቱ ለሁለቱ የጋራ ሥራ ሆነ። ከዚያ ውጪ ብዙም አያወሩም።

ከዚያ ቤት ውስጥ ጉንፋን ገባ። እናቱ አስነጠሰችና ዳነች፣ ጢኖም አሳለውና ዳነ። አባቱ ጋ ሲደርስ ግን ሳሉ መውጣት አቃተው። ይነሳል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ለመሳል እንኳን ደረት መከፈት አለበት። ትኩሳት መጣ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፤ በጢኖ አጎት ታክሲ ይዘውት ሲሄዱ ጭንቅላቱ ጢኖ ትከሻ ላይ ነበር።

የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒቱ በደም ሥሩ እየገባ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት ትኩሳቱ ቀስ በቀስ በረደ። መናገር ሲችል ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ክፍሉ መጣች። ጢኖና እናቱ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር።

«እንቅስቃሴውን ትሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እናቱ ማንንም አላስቀደመችም። «አንድም ቀን አላጎደሉም፣ ዶክተር! ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።»

ባለሙያዋ ወደ አባቱ ዞረች። «አዎ፣ ሠርተናል» አለ አባቱ ጣሪያውን እያየ። ከዚያ ወደ ጢኖ ዞረች። በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ፤ «ሠርተናል» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ ቢለውም መዋሸቱ አልቀረም።

ሁለት መዳፎቿን በአባቱ ደረት ግራና ቀኝ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ስትገልጥ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ የለም።

«ይህን ያህል ጊዜ በየቀኑ ተሠርቶ ደረታቸው ጭራሽ ከጠበበ» አለች እጇን እያነሳች፣ «ይኼ መንገድ ለእሳቸው አይሆንም ማለት ነው። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። በማይረዳ ነገር ሰው ማድከም ተገቢ አይደለም።»

«ከዚያስ?» አለች እናቱ።

«ሌላ ነገር ካለ ይፈልግላቸዋል። ከሌለ… ባላቸው ትንፋሽ መኖርን መልመድ ነው።»

ጢኖ አባቱን አየው። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። አባቱ ግን ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም። ባለሙያዋ ትከሻውን ዳሰስ አድርጋው ወጣች።

እናቱ ጢኖን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሻይ ቤት ወረደች። ሻይና ዳቦ አዘዘችለት። ለራሷ ሻይ ብቻ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ግን አላለቀሰችም።

«ስማኝ» አለችው። «አንተ የምትችለውን አድርገሃል። በልጅነትህ የትልቅ ሰው ሸክም ነው የተሸከምከው። ሳይሆን የቀረው ባንተ አይደለም፣ እሺ? እንዳታዝን፣ የኔ ጌታ።»

ጢኖ ዳቦውን ሳይቆርስ ገፋ አደረገው። አንገቱን ነቅንቆ ዝም ቢል ጉዳዩ እዚህ ያበቃል። ማንም አይጠይቀውም። እናቱ እስከ ዕድሜ ልኳ «የኔ ጌታ» ትለዋለች። አባቱ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ በዚያች አጭር ትንፋሽ…

«እማ፣ አልሠራንም።»

«ምኑን?»

«እንቅስቃሴውን። መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነው የሠራነው። ከዚያ እኔ ኳስ እየሄድኩ ነበር። አባዬም ና አላለኝ፣ እኔም እንሥራ አላልኩት።»

ጥፊውን ጠበቀ። እናቱ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወለሉን ታያለች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«እ?»

«ወንበሩ ላይ ልብስ አጥፌ አስቀምጥ ነበር። ማታ ስመጣ እንዳለ ነው። ታዲያ ማን ተቀምጦበት ነው የዞረው? አይቻለሁ። ግን ሠርተናል ስትሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ደክሞኝ ነበር፣ ጢኖ። አንድ ነገር እንኳን ያለእኔ እንዲሠራ ፈልጌ ነው።»

ጢኖ ተናደደባት፤ ካወቀች ለምን አልጮኸችበትም? ቁጣው ግን መሄጃ አጣ። ቀና ብሎ ሲያያት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት ነበር።

«ተነስ፣ እንንገራት» አለች። «አንድም ቀን አላጎደሉም ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። አብረን ነው የምንሄደው።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ጠባብ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ጢኖ ስድብ ሲጠብቅ፣ «እንግዲያው ገና አልሞከርነውም» አለች። ነገር ግን ፈገግ አላለችም። «ቃል አልገባላችሁም። ያኔ ቀላል የነበረው አሁን ከባድ ነው። ወደ ግንብ ሥራቸው ላይመለሱ ይችላሉ። ይኼን አውቃችሁ ነው የምትጀምሩት።»

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ለአባቱ የነገረችው እናቱ ነች። አባቱ ልጁን ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ነው» አለ። «አሳጣኸኝ።»

ፊቱንም ወደ ግድግዳ መለሰ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባም በኋላ ከጢኖ ጋር አልተነጋገረም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ለእናቱ ነው የሚናገረው፤ «ውሃ ያምጣልኝ በይው» ይላል፣ ጢኖ አጠገቡ ቆሞ እያለ። ጢኖ ውሃውን ያመጣል። ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጣቶቻቸው አይነካኩም።

እናቱ መላ ዘየደች። «ከእንግዲህ አንተን አላስጨንቅህም፤ ልጅ ነህ» አለችው። «አጎትህ ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ጎራ እያለ ይሠራለታል። አንተ ኳስህንም ትምህርትህንም።»

ጢኖ «እሺ» አለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

አጎቱ የእናቱ ወንድም ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ ግዙፍ፣ ቤት ሲገባ ቤቱን በድምፁ የሚሞላ፣ ቸር ሰው። በመጀመሪያው ጠዋት ጢኖ የኳስ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቦርሳውን አዝሎ በሩ ላይ ነበር። ሽቦ ከታች መንገዱ ላይ ይጠብቀዋል። አጎቱ እጅጌውን እየሰበሰበ አልጋው ላይ ከጢኖ አባት ኋላ ተንበረከከ።

«በል ወንድሜ፣ ዛሬ ሞተሩን እናስነሳዋለን! ባትሪው የደከመ መኪና መድኃኒቱ መግፋት ነው።»

ገፋውም። ሰፊ መዳፉን ጎኑ ላይ አድርጎ ተጫነ። «ተንፍስ! እንዲህ ነው! ተንፍስ እንጂ!»

አባቱ አልጮኸም። በሚስቱ ወንድም ፊት አይጮህም። ጢኖ ግን ከበሩ ላይ ሆኖ ከፊት ለፊቱ ያየዋል፤ ጥርሱን ነክሷል፣ አንሶላውን ጨብጧል። አይተነፍስም። ጭራሽ አቁሞታል።

«ጋሼ፣ አይገፋም» አለ ጢኖ።

«ምን አልክ?»

«አይገፋም። እጅ ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

«እጅ በማስቀመጥማ ከሆነ፣ እኔም ታክሲዬን መሪውን እየዳበስኩ ልንዳት!» አጎቱ ሳቀ። የሳቀለት አልነበረም።

«እኔ ልሥራው፣ ጋሼ።»

አጎቱ ወደ አባቱ አየ። አባቱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ከታች ሽቦ አፏጨ። ጢኖ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ሽቦ! ሂድ፣ አልመጣም!»

«ለዛሬ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት አልመጣም በቃ!»

«ኧረ ባክህ! ክንፍ ላይ ማንን ልናስገባ ነው?»

«ያንን ልጅ አስገቡት። ዓይኑን እንዲገልጥ ንገሩት።»

አጎቱ ቁልፉን አንስቶ፣ ጢኖን አናቱ ላይ ነካ አድርጎት ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጢኖ ቦርሳውን አውርዶ፣ መዳፎቹን እስኪሞቁ አፋተገ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከ እንጂ አባቱን አልነካውም።

«አባዬ፣ ያን ቀን እጄን ያነሳሁት ደንግጬ ነው» አለ። «ጠልቼህ አይደለም።»

ከታች መኪና ተነስቶ ሄደ።

«እንድታየኝ አልፈለግኩም ነበር» አለ አባቱ በመጨረሻ።

«ከኋላህ ነኝ እኮ። አይታየኝም።»

ትንሽ ቆይቶ አባቱ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ጢኖ መዳፉን ጎኑ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ድንጋይ ላይ እጅ እንደማኖር ነው። አልገፋም። ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ፣ ከጣቶቹ ሥር አንዲት ነገር መጣች፣ ወዲያው ተመለሰች። ከዚያ እንደገና መጣች።

«አሁን ክንድህን» አለ።

ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ወደ ኋላ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ጢኖ የድሮውን ቦታ ያስታውሳል፤ ከመታመሙ በፊት ትከሻው ወደ ፍራሹ ይቀርብ ነበር። አሁን ግማሹንም አልደረሰም።

አባቱ ክንዱን መልሶ አረፈ። «ከድሮው ባሰ፣ አይደል?»

«አልባሰም» የሚለው ቀላል ቃል ጢኖ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠው።

«አዎ፣ ብሷል» አለ።

አባቱ ክንዱን እንደገና ወደ ጣሪያው ማንሳት ጀመረ።